በበዓል ቀን ዝናብ የለም

ለተከበሩ የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አስተባባሪ
ወልድያ

ከመርሳ፣ ነሐሴ ፲ ቀን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደከረመ እጠይቃለሁ። ክረምቱ ዘንድሮ ከበድ ብሏልና ጉንፋን እንዳይደፍርዎት፣ ቢሮዎም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነውና እግርዎ እንደደረቀ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም እስካሁን ደህና ናት። «እስካሁን» የምትለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መልሼ ጽፌያታለሁ።

በግልጽ የምጽፍልዎት በዝግ የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች ስላልደረሱዎት አይደለም። ደርሰውዎታል፤ ለአንደኛው መልስ እንኳ ሰጥተውኛል፤ መልስዎንም ወደ ታች በአክብሮት እጠቅሰዋለሁ። በግልጽ የምጽፈው ከስድስት ቀን በኋላ ነሐሴ ፲፮ ስለሚሆን ነው። በዚያ ቀን የፍልሰታ ጾም ይፈታል፤ የሰፈራችንም ሰው ማለዳ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ጉልበት ለከዳው ሰው ደግሞ ከሩቅም ይርቃል። ስለዚህ ሰዉ በድንጋዮቹ ላይ እየተራመደ ይሻገራል። እናቴ ወይዘሮ አሰለፈች ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅባታል። ለክቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ከኋላዋ እየሄድኩ፣ ሳታየኝ።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ ሊኖር ይችላልና፣ በፈቃድዎ ባጭሩ ላስረዳ። የወንዛችን ውሃ በሚነሳበት በጉባ ላፍቶ ደጋ፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ገበሬ አሉ። በግቢያቸው የዝናብ መለኪያ ተተክሏል፤ በየማለዳው ውሃውን አይተው ቁጥሩን በስልክ ይልካሉ። ቁጥሩ ኤክስኤምኤል በሚባል አጻጻፍ ፋይል ውስጥ ይገባል። ይህ አጻጻፍ አፉም ቂጡም ላይ ስም የተጻፈበት ጆንያ ማለት ነው፤ «ዝናብ» ብሎ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይገባበታል፣ «ዝናብ» ብሎ ይዘጋል። ጆንያውን ፈትቶ የሚያነብ አንድ ላይብረሪ የሚባል የተዘጋጀ የጋራ ፕሮግራም አለን፤ በሦስት የተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፉ ሦስት ፕሮግራሞች ይጠሩታል። የልኬቱ መዝገብ በፓይተን ተጽፏል፤ ወልድያ ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ በጃቫ፤ ለሕዝቡ ስልክ መልእክት የሚልከው በፒኤችፒ። አንባቢው አንድ፣ ጠሪዎቹ ሦስት።

ጋሽ ወልዴ ግን በሰንበትና በበዓል አይለኩም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መለካትም ሥራ ነው፤ የገብርኤልን ዝናብ ገብርኤል ይቁጠረው» አሉኝ። የበዓሉን ውሃ ከማግስቱ ጋር ደምረው ይልካሉ። በበዓሉ ቀን ፋይሉ በሰዓቱ ይዘጋጃል፤ ጆንያው ባዶውን ይታሰራል፤ ባዶውን ይላካል።

ድሮ በወረቀት ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። እዚህ መርሳ መዝገቡን ይይዙ የነበሩት ወይዘሮ አስካለ ባዶ ሳጥን ባዩ ቁጥር ብድግ ብለው ወደ ወንዙ ይወርዱና «ወልዴ ዛሬ አልለካም፤ በዓይናችሁ እያያችሁ ተሻገሩ!» እያሉ ለሰዉ ይናገሩ ነበር። ባዶው ሳጥን ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። ወይዘሮ አስካለ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በእሳቸው ቦታ እኛ ገብተናል።

አቤቱታዎቼ፣ ወይም ምስጋናዎቼ፣ በቁጥር እነሆ፦

፩. ስለ አንባቢያችን አንድነት አመሰግናለሁ። በግንቦቱ ስብሰባ «አንባቢው አንድ ከሆነ ንባቡም አንድ ነው» ሲሉ አዳራሹ አጨብጭቧል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን አንባቢው ጆንያውን ይፈታል እንጂ፣ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የሚያስረክበው እንደ ጠሪው ቋንቋ ልማድ ነው። ፓይተን ባዶውን ተረክቦ «እዚህ ምንም የለም» ይላል፤ ዜሮ አይልም፤ የማያውቀውን እንደማያውቅ ይዞት ይቀመጣል። ጃቫ ባዶ ጽሑፍ ይረከባል፤ ቁጥር አድርገው ሲሉት በቀይ ጮኾ ይቆማል። ፒኤችፒ ቁጥር አድርገው ሲሉት ዜሮ ያደርገዋል። አይጠይቅም። አይጮህም። «አልተለካም» ገብቶ «አልዘነበም» ሆኖ ይወጣል፤ በመካከሉ የሚሰማ ድምፅ የለም።

እኔ የምፈራው ይህን ድምፅ አልባነት ነው። በቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ አልፈራም። የባጃጅ ሞተር ከሩቅ ሲያጓራ ግን ብድግ እላለሁ። የጎረቤት ቧንቧ ሲከፈት ብድግ እላለሁ፤ ሳይነገረን የመጣ ጎርፍ ይመስለኛል።

፪. ቀዩን ስላጠፉልን አመሰግናለሁ። በሰኔ ፲፪፣ በሚካኤል ዕለት፣ እንግዶች ሰሌዳዎን ሊጎበኙ በመጡበት ሰዓት ጃቫ ባዶውን ጆንያ አግኝቶ መላውን ግድግዳ እንዳቀላው ያስታውሳሉ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «የማይጮህ ቋንቋ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ በክፍሉ የነበረ አንድ የኮንትራት ባለሙያም «አለ» ብሎ መለሰ። በሳምንቱ የሕዝቡ መልእክት ከሰሌዳው ተነጥሎ በማይጮኸው ቋንቋ ተጻፈ። ሰሌዳውም ባዶ ሲያገኝ መልእክት ላኪው ያለውን እንዲደግም ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳዎ አረንጓዴ ነው። እንደ ነሐሴ መስክ።

፫. ስለ ሐምሌ ፲፱ም አመሰግናለሁ። የገብርኤል ዕለት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእናቴ ስልክ «ከላይ የዘነበ፦ ዜሮ። መሻገር ይቻላል» ብሎ ነገራት። ደጋው ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ነበር። እናቴ ስልኩን ለጎረቤቶቿ እያሳየች «ልጄ የሠራው ነው፤ ተሻገሩ፤ እኔ ቀስ እላለሁ» አለች። እነሱ ተሻገሩ። እሷ ጉልበቷን እያሸች ወደ ኋላ ቀረች፤ ገና አራተኛው ድንጋይ ላይ ሳለች ውሃው መጣ።

ያየችው ሀስና ናት፤ ጎረቤታችን፣ የሰው ብርድ ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት። በዓሉ የእሷ አይደለምና ሥራ ላይ ነበረች። ድምፁን ቀድማ ሰምታ «እትዬ አሰለፈች! ኧረ ውሃው! ኧረ በአላህ ይመለሱ!» እያለች ሮጣ በነጠላዋ ጎተተቻት። ነጠላው ተቀደደ፤ ያጠበቻቸው አራት ብርድ ልብሶች ሄዱ። ዳር ላይ ቁጭ እንዳሉ ሀስና ቡናማውን ውሃ እያየች «የልጅዎ ማሽን ዜሮ ያለው ይሄን ነው?» አለቻት። እናቴ ምን ብላ እንደመለሰች ልንገርዎት፦ «ማሽኑ ምን ያድርግ፤ የተነገረውን ተናገረ። ገብርኤል ነው ያወጣኝ።»

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ የሁለት ቀኑን ውሃ ደምረው ላኩ። ማሽኑም በጠራራ ፀሐይ «ጎርፍ! ከወንዝ ራቁ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ወጥቶ አየ፤ ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር። አሁን የባጃጅ ነጂዎቹ አንድ አባባል አላቸው፦ «ዜሮ ሲል እመነው፤ ሲጮህ ተኛ።» ሕዝቡ ሥርዓቱን በሚገባ እንደተረዳው ለሪፖርትዎ እንዲሆን ጽፌዋለሁ።

፬.

፭. ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። በሦስት ነጥብ አስረድተውኛል። ሥርዓቱ በየቀኑ ሳያቋርጥ መልስ በመስጠት መቶ በመቶ አፈጻጸም ማስመዝገቡን፤ «አላውቅም» የሚል መልእክት የሕዝብን አመኔታ እንደሚሸረሽር፤ ችግሩም የአንድ ገበሬ የግንዛቤ እጥረት ስለሆነ ለጋሽ ወልዴ ሥልጠና እንደተዘጋጀላቸው። ሥልጠናው የተጠራው ለሐምሌ ፳፯ ነበር፤ ለመድኃኔዓለም ዕለት። ጋሽ ወልዴ አልመጡም። መቅረታቸው «ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ተመዝግቧል።

እኔ ግን በመድኃኔዓለም ማግስት ስልክ ደውዬላቸው ነበር። ማሽኑ እሳቸው ባልለኩበት ቀን ዜሮ እንደሚል ስነግራቸው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የተቆረጠ መስሎኝ «ጋሼ፣ ይሰማሉ?» አልኩ። «እሰማለሁ» አሉ። ከዚያም «እኔ ዝም ያልኩበትን ቀን እሱ ምን ቤት ሆኖ ይናገራል? በዓል ነው፤ እሱም ዝም ይበል እንጂ!» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሦስት ቋንቋ አውቃለሁ፤ መፍትሔውን ከዚህ አሳጥሬ በአንዱም መጻፍ አልችልም።

አሁን ወደ አራተኛው ቁጥር ልመለስ። ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። ጽሕፈት ቤትዎ «አራተኛ አቤቱታ፦ የለም» ብሎ እንደሚመዘግበው ስለማውቅ ነው። አለ። በሰኔ «አለ» ብሎ የመለሰው የኮንትራት ባለሙያ እኔ ነኝ። የጆንያውን ይዘት ቁጥር አድርግ የምትለውን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ባዶ ከሆነ ምን ይደረግ ብላ የምትጠይቅ ሌላ መስመር ከበላይዋ ልጨምር አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ሄዶ ነበር፤ እርስዎም ኮትዎን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። አረንጓዴ ሆነ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ከብዶኛል፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮንትራቴ ሰኔ ፴ ስላለቀ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮብኛል። መስመሯን በሕልሜ አርሜያታለሁ፤ ስነቃ እንደነበረች ናት። እናቴን «መልእክቱን አትመኚው» ብዬ ለምኛታለሁ። «አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ትፈራለህ፤ ማሽኑ አይፈራም» አለችኝ። ስልኩን ልደብቅባት ሞክሬ ነበር፤ ፍራሽ ሥር አግኝታው ሳቀችብኝ። የምታምነው ማሽኑን አይደለም እኮ። እኔን ነው። ወደ ወንዙ የሚያወርዳት የእኔ ቃል ነው፤ ያን ቃል ከእሷ ስልክ ላይ ማጥፋት የሚችለው ደግሞ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። ማሽኑ እንዲያውቅ አልጠይቅም። ባዶ ሲያገኝ «ዛሬ አልተለካም፤ በዓይናችሁ እዩ» እንዲል ብቻ እንዲፈቅዱለት፤ ያም መቶ በመቶውን የሚነካብዎት ከሆነ ዝም እንዲል። ለሚያውቅ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ያለ ክፍያ፣ ያለ ስም፣ እርስዎ አጠገቤ ቆመው እያዩ እሠራዋለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ነሐሴ ፲፮ ማለዳ መርሳ ድረስ እንዲመጡልን በታላቅ አክብሮት እጋብዝዎታለሁ። ከወልድያ የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ በጊዜ ያደርስዎታል። እናቴ ክንድዎን ትይዛለች፤ እርስዎም ስልክዎን ይይዛሉ፤ «መሻገር ይቻላል» የሚለውን እያነበቡላት አብረው ይሻገራሉ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በመካከሉ እንዳትናገሩ ብቻ አደራ፤ እኔ ከዳር ሆኜ ወደ ላይ ጆሮዬን ሰጥቼ እቆማለሁና ጸጥታ ያስፈልገኛል። ሀስናም እንደምትቆም ነግራኛለች። በዚያን ቀን ብርድ ልብስ አታጥብም።

የጫማዎን ድርቀት እያከበርኩ፣ የግድግዳዎን ልምላሜ እያደነቅኩ፣ ከወንዙ ዳር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

እስራኤል ንጉሴ
የቀድሞ የኮንትራት ፕሮግራመር
የወይዘሮ አሰለፈች ልጅ

ማስታወሻ፦ እስከ ነሐሴ ፲፭ ማታ መልስዎ ካልደረሰኝ፣ ዝምታዎን ዜሮ ብዬ አላነበውም። ያንን ስሕተት አንዴ ሠርቻለሁ። እንደ ባዶው ጆንያ ከላይ ስምዎን፣ ከታች ስምዎን ጽፌ መካከሉን ባዶ እተወውና፣ ወይዘሮ አስካለ ባዶ ሳጥን ሲያዩ ያደርጉ የነበረውን አደርጋለሁ፤ ወደ ወንዙ ወርጄ ለሰዉ ሁሉ እናገራለሁ።