የጋሽ ገበየሁ ሳል

መጋቢት 12፣ ሰኞ

ዛሬም ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተማርን። ዴስኮቻችንን ጦርነቱ ማገዶ አድርጓቸዋል። የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ሰበቃ ሲያስረዱ ኤርሚያስ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ እሱን የእኔ ሱሪ ያውቀዋል።"

ከሰዓት የኳስ ልምምድ። ጋሽ ገበየሁ እንደ ወትሮው ምክትል አሰልጣኝ። አሰልጣኝ ይመጣል፣ እዚህ መርሳ ከተማ ስም ያወጣል፣ አዲስ አበባ ይገባል። እሳቸው ይቀራሉ፤ ኳስ ይነፋሉ፣ ቁርጭምጭሚታችንን ያሻሉ። አለቃ ፊት ደፍረው መናገር ስለማይወዱ የሚያሠለጥኑን በሳል ነው። አንድ ሳል ወደ ግራ። ሁለት ሳል ወደ ቀኝ። ረጅም ሳል፦ ተመለስ አንተ ከብት።

"ሂሻም፣ ዛሬ ግራ ክንፍ ላይ ግባ" አሉኝ።

"እግሬን አሞኛል።"

"የትኛውን?"

አሰብኩ። "ሁለቱንም።"

ሌላ ልጅ አስገቡ። ግራ ክንፍ የዓሪፍ ነው። የወንድሜ። ነሐሴ ላይ፣ ውርጌሳ መንገድ፣ ከባድ መሣሪያ ወድቆ… አልጽፈውም።

መጋቢት 18

የበቆሎ ቆረቆንዳ አይቼ ሳቄ መጣ። የዓሪፍ ማይክ ነበር። መስታወቱ ፊት ይቆምና ራሱን እንደ ጋዜጠኛ ይጠይቃል፦ "በመጨረሻ ማመስገን የምትፈልገው ካለ?" ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፦ "በመጀመሪያ አላህን። ቀጥሎ እማዬን። ሦስተኛ ጋሽ ገበየሁን፣ ኳስ ስላስተማሩኝ።"

"እኔስ?" እለዋለሁ።

"አንተ የቤት ሥራህን ሥራ።"

ግን የምሩን ነበር። እነዚያ ሁሉ አሰልጣኞች በራዲዮ ሾፌሩንም ምግብ አብሳይዋንም ሲያመሰግኑ የጋሽ ገበየሁን ስም አንዳቸውም ጠርተው አያውቁም። "መጀመሪያ ማይክ የያዝኩ ቀን ስማቸውን እጠራለሁ" ብሎ ማለ። ቤት ውስጥም በሳል ነበር የሚያዘን። እራት ላይ አንዴ ከሳለ የውሃው ጆግ ወደ ግራ ይሄዳል። እማዬ ሳትቀር ለምዳው ነበር።

ራዲዮኑ በእማዬ ሻሽ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ነው። ከነሐሴ ወዲህ አልተከፈተም።

መሐላውን እኔ ልፈጽምለት? ማን ይጠይቀኛል? እኔ እንኳን ጨዋታ ላይ፣ ሒሳብ ፈተና ላይም አስቆጥሬ አላውቅም።

ሚያዝያ 3

አዲስ አበባ የገባው አሰልጣኝ ግርማ ሊመጣ ነው! ለፈረሱት ትምህርት ቤቶች ገቢ ማሰባሰቢያ፣ የወረዳችን የሐብሩ ምርጥ ከወልድያ ምርጥ። ከዒድ በኋላ። እኛን እሱ ይመራናል፣ ራዲዮም ይኖራል። ድሮ እዚህ ሳለ ምክትሉ ማን ነበር? መጠየቅም አያስፈልግ። (አንቱ ማለት ነበረብኝ። አንቱታዬን ለጋሽ ገበየሁ ጨርሻለሁ።)

ሚያዝያ 5

ሆዴን እስኪያመኝ የሳቅኩበት ቀን። አሰልጣኝ ግርማ ጠዋት በሦስት ሰዓት አሰለፈንና የተቀቀለ እንቁላል በትልቅ ትሪ አስመጣ። ግማሻችን ረመዳን። ግማሻችን ሁዳዴ። ትሪው ከዳር እስከ ዳር ዞሮ ሳይነካ ተመለሰ።

"አድማ ነው?" አለ።

"ጾም ነው" አለ ኤርሚያስ።

"ስፖርተኛ አይጾምም!"

ጋሽ ገበየሁ ረጅሙን ሳል ሳሉ። ለእኛ መስሎኝ ነበር… ለአሰልጣኙ ነው! ከዚያ ጠጋ ብለው በጆሮው አንሾካሾኩለት። ልምምዱ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ተዛወረ፤ እንደጨረስን መግሪብ ይደርሳል። እኛ በእንቁላሉ አፈጠርን። ኤርሚያስ ድርሻውን እያገላበጠ፦ "ጋሼ፣ እስከ ፋሲካ ይቆይልኛል?"

"እሱ ይቆያል። አንተ ነህ የማትቆየው።"

ሚያዝያ 6

ማታ ሻይ ቤት ራዲዮ ሰማን። አሰልጣኝ ግርማ፦ "የልጆቹን እምነት አክብሬ ሰዓቱን አስተካከልኩ።" አስተካከልኩ! ጋሽ ገበየሁ አጠገቤ ሻያቸውን ያማስላሉ።

"ጋሼ፣ አይናደዱም?"

"ስኳሩ አልሟሟ አለኝ" አሉ። ስኳር አልጨመሩም ነበር።

ግንቦት 6

ጨዋታው ነገ ነው። ሁላችንም ማልን፦ ማይክ የደረሰው ሰው ጋሽ ገበየሁን ይጠራል። ኤርሚያስ፦ "በረኛን ማን ይጠይቃል? አምስት ካልገባብኝ በቀር።" አምስት እንዲገባበት ለመንኩት። ጫማ ወረወረብኝ።

ግንቦት 7፣ እሑድ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ወልድያ። ሕዝብ እንደ ጉድ። አንድ ለአንድ ነን። ሊያልቅ ሲል ግራ ክንፋችን አነከሰ። አሰልጣኝ ግርማ ወደ ተቀያሪዎቹ ዞረ። ከጎኑ ጋሽ ገበየሁ አንድ ጊዜ ሳሉና በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ወዲያው "አንተ፣ ግባ!" አለኝ። ለካ ሳሉን እሱም አልረሳም።

ገባሁ። መሃል ላይ ተወሸቅኩ። አንድ ሳል መጣ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ደግመው ሳሉ፤ አሁን ስታዲየሙ ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ግራ… የዓሪፍ ቦታ… እግሬን አላመመኝም። የትኛውንም።

ሄድኩ።

ኳሷ ከማን እንደመጣች አላየሁም። ይስሉ እንደሆነ ዞሬ ጋሽ ገበየሁን እያየሁ ነበር። መቀመጫዬን መታችኝ። ገባች!

ጨዋታው ሲያልቅ የራዲዮ ጋዜጠኛው መጣ። "ጎሏን እንዴት አሰብካት?"

"ከኋላዬ ሆና ነው የታሰበችው።"

ሳቀ። ከዚያ ያቺው ጥያቄ፦ "በመጨረሻ ማመስገን የምትፈልገው ካለ?"

በዓሪፍ ተራ አልኩት። አላህን። እማዬን። ጋሽ ገበየሁን፣ ኳስ ስላስተማሩን። አራተኛ ዓሪፍን፣ ወንድሜን፣ ቦታው የእሱ… ከኋላ ጋሽ ገበየሁ ሳሉ። አንድ አይደለም፣ ሁለትም፣ ረጅሙም አይደለም። ያልተማርነው ሳል ነው።

ግንቦት 8

እማዬ ራሷ የራዲዮኑን ሻሽ ፈታች። "ልጄ ሊናገር አይደል?" አዲስ ባትሪ ገዝታለች፣ ሳትነግረኝ።

አሰልጣኝ ግርማ ሆቴሉን አመሰገነ። ሾፌሩን አመሰገነ። ቀጥሎ እኔ፦ "በመጀመሪያ አላህን…" ጭጭ። ቆርጠውታል! ስማቸውን፣ የዓሪፍን፣ ሁሉንም። የቀረው ሳሉ ብቻ። እህ እህ! ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ።

ራዲዮኑን በጡጫ ልለው ቃጣኝ። የዓሪፍ መሆኑ አዳነው።

ግንቦት 9

ለካ መርሳ የሰማው ሳሉን ነው። ጠዋት ጋሽ ገበየሁ በዋናው መንገድ ሲያልፉ የባጃጅ ሾፌሩ ሳለ። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ሳለች። የፊዚክስ አስተማሪያችን እንኳ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ እህ!

"ምን ጉድ ነው፣ አገሩን ጉንፋን ያዘው?" አሉ ጋሽ ገበየሁ። ጆሯቸው ግን ቀልቶ ነበር። ምልክታቸው ስለተበላሸባቸው ከዛሬ ጀምሮ በአፋቸው ሊያሠለጥኑን ነው። ሲጮኹ ያስፈራሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ለልምምድ ጫማዬን ሳስር እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የቆረጡትን ንገረኝ።"

ነገርኳት። በተራው። አራተኛው ላይ ስደርስ ፊቷን አዞረች። መናገሬ ቆጨኝ። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

ከኋላዬ ሳለች።

አንድ ጊዜ።