ለእንግዳ የተለማመድነው «አልፈልግም»

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ፎጣ አለ። ለሃያ ሰው። ዛሬ ሳሸትተው ሊያስመልሰኝ ደረሰ። የሒሳብ አስተማሪው ግን ፊቱን ጠረገበትና «ምን ሆነ? ፎጣ ፎጣ ነው» አለኝ። አምና የግል ንጽሕና ያስተምር የነበረው እንግዲህ ይኼ ሰውዬ ነው።

ዘንድሮ ትምህርቱ ለእኔ ተሰጠ። የግልና ማኅበራዊ ሕይወት፣ ሦስተኛ ክፍል። ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ ነው እንጂ ስለበቃሁ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን ሲሰጠኝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ነው፣ የሞተ አይጥ ይመስል። «መሐል ላይ ያለውን ምዕራፍ እንደ ምንም ብለሽ እለፊው» አለኝ። ምን ጉድ ይሆን ብዬ ገለጥኩት። የሰውነት ክፍሎች ስም። በቃ፣ ሌላ ምንም!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

መሐሉን ምዕራፍ አስተማርኩ። ጣሪያው አልተደረመሰም።

ልጆቹ የወደዱት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። «ሰውነቴ የኔ ነው።» ሰው ሊያቅፋችሁ፣ ሊስማችሁ ሲመጣ እናንተ ካልፈለጋችሁ... አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ መዳፍ ወደ ፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ «አልፈልግም!» በሉ። ክፍሉ በአንድ አፍ ጮኸ። ድንቢጥ ብቻ አልወጣላትም። ክፍሉ ሁሉ ድንቢጥ የሚላት የጽዳት ሠራተኛችን ልጅ ናት፤ ከሁሉም ትንሿ፣ ስታወራ ጎንበስ ካላሉላት ድምጿ የማይሰማ።

«ትልቅ ሰው ቢሆንስ ቲቸር?»

«ትልቅ ሰውም ቢሆን።»

«ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ!» አልኳት። እንዴት ቀላል ነው ማለት...

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ ወደደው። ረቡዕ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሊጎበኘን ይመጣል። «ይኼ ለእንግዳ ይቅረብ፤ ዘመናዊ ነው» አለኝ። ከዚያ ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ እንደ ሸቀጥ ይመርጣቸው ጀመር። «ይቺ ከኋላ ትሁን፣ ጫማዋ ያሳፍራል።» ድንቢጥን ነው። ሰምታዋለች። ከፊት አቆምኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ፊቴን ሁለቴ ታጥቤ ነው የምጽፈው። እኔን የሳመኝ ይመስል።

ሰብሳቢው የጣውላ መጋዘን ባለቤት ነው፤ የሁለት ክፍል ጣሪያ አሠርቶልናል። እኔ ሽቶው ነው የምለው፤ እሱ ሳይደርስ ሽቶው ይደርሳል። ክፉ ሰው አይደለም። እርጥብ ሰው ነው። ልጅ ባየ ቁጥር ጉንጩን ጎትቶ ጧ! ምራቁ እዚያው ይቀራል። ልጆቹ ዞር ብለው በእጅጌያቸው ሲጠርጉ ስንት ዓመት አይቻለሁ። አይቼስ ምን አልኩ? ምንም።

ልጆቼ ትርኢቱን አቀረቡ። እርምጃ ወደ ኋላ፣ መዳፍ ወደ ፊት፣ «አልፈልግም!» ሽቶው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ትውልድ ማነጽ እንዲህ ነው!» ርዕሰ መምህሩ በደስታ ሊፈነዳ። ከዚያ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከዳር ጀምሮ ይስማቸው ገባ። አንዱን ጧ። ሌላዋን ጧ። ድንቢጥ ጋ ደረሰ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። መዳፍ ወደ ፊት። «አልፈልግም።»

ሁሉም ሳቀ። ትርኢቱ ያላለቀ መሰላቸው። እሱም ስቆ እንደገና ጎንበስ አለ። «አልፈልግም!» ዓይን ዓይኑን እያየች። ያ የማይሰማ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሳቁ ቀጥ አለ። ሽቶው ቀና ሲል እስከ ጆሮው ቀልቷል። «ስድ!» አላት። ይኼን ለስምንት ዓመት ልጅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ።

«ምን እያስተማርሽ ነው?»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን። እርስዎ ራስዎ ለእንግዳ ይቅረብ ያሉትን።»

«ይቅረብ አልኩ እንጂ ይደረግ አልኩ?»

ይኼን በገዛ አፉ ነው ያለው። ሳይዛነፍ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ ድንቢጥ ትወጣለች። ሽቶውን ይቅርታ ትላለች። ጉንጯን ትሰጣለች። «አንቺ አዘጋጂያት፤ አንቺን ትሰማለች።» ካልሆነስ? አልኩ። እስክሪብቶውን እያሽከረከረ «እናትየው እዚሁ አይደል የምትሠራው?» አለ። ከአንገት በላይ ፈገግታ። ጥርሱ መሐል የምሳ ትራፊ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

እናትየው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ያዘችኝ። የላስቲክ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። «እትዬ፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ፣ ይንገሯት። እኔ ስነግራት ቲቸር ካልፈለጋችሁ እንቢ በሉ ብላናለች ትለኛለች። ጉንጯ አያልቅ! እኔ ከዚህ ብባረር የት እገባለሁ?» አንጀቴን በላችው።

ከትምህርት በኋላ ድንቢጥን አስቀረኋት።

«ለአንዴ ብቻ ነው። ለእናትሽ ስትዪ።»

«አልፈልግም ብያለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን አንዳንዴ...» ብዬ ጀመርኩ። ጠብቃ ጠብቃ፣ እኔን ለማሳረፍ ይመስለኛል፣ «እሺ ቲቸር» አለች።

አፌን ቁርጥ ያርገው።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ለባለቤቴ ነገርኩት። «መሳም ነው እኮ! እኛም እየተሳምን ነው ያደግነው። አርፈሽ ደሞዝሽን ብዪ።» ብርቱካን እየላጠ፣ ፍሬውን ሳህኑ ላይ እየተፋ። ጠረጴዛውን ትቼለት ተነሳሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ወጣች። ጫማዋ ተወልውሏል። እናቷ ከሰልፉ ኋላ መጥረጊያዋን ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። «ይቅርታ ጋሼ።» ሽቶው ጎነበሰ። ድንቢጥ ዓይኗን ጨፈነች። ጧ። ከዚያ ሌላኛውን ጉንጭ ራሷ አዞረችለት። ራሷ! ሳይጠይቃት... ቶሎ እንዲያልቅላት ነው። ሰልፉ አጨበጨበ።

እኔስ? አጨበጨብኩ። እጄ ከማንም ቀድሞ ነው የተነሳው። ቱ!

ምራቁን አልጠረገችውም። እንደ ረጠበች ክፍል ገባች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጎበዝ! ሰውዬው የቤተ መጻሕፍቱንም ጣሪያ ቃል ገባልን።» አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጣሪያ። ያቅለሸልሻል። ግን ከሱ ይልቅ ዛሬ መስታወት ውስጥ ያየኋት ሴትዮ ናት የከፋችብኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24

ምዕራፉ «ለማን እነግራለሁ?» ይላል። የሚያስጨንቅ ነገር ቢገጥማችሁ ለማን ትናገራላችሁ? አልኳቸው። ለእማዬ። ለአያቴ። ለአክስቴ፤ እሷ አትጮኽም። የድንቢጥ ተራ ደረሰ።

«ለማንም።»

ንዴት የለበትም። ስሟን ተጠይቃ የመለሰች ያህል ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ሊያርማት ፈልጎ «ለቲቸር በይ!» አላት። ዞራ አየችኝና እንደገና «ለማንም» አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 25

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ተቀመጪ ሳይለኝ ተናገርኩ። የኔ ክፍል ልጆች ከእንግዲህ ለማንም ጉንጭ አይሰጡም። ሰኞ ሰልፍ ላይ ወጥቼ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እላለሁ። እናትየውን ከሥራ ካነሷት ደግሞ የሆነውን ሁሉ በስሜ ፈርሜ ለበላይ አመለክታለሁ። ይኼን ባለፈው ሳምንት ብለው ምን ነበረበት?

ሳቀ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ገባውና ሳቁን ዋጠው። «አብደሻል። ማይክሮፎኑን አታገኚውም። ከማክሰኞ ጀምሮ ያ ክፍለ ጊዜ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የሒሳብ አስተማሪው ይይዘዋል።» ስለ እናትየው ግን ቃል አልተነፈሰም። ፈርቷል? ይመስለኛል። እኔም ፈርቻለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

እናትየው ዛሬም ኮሪደሩን ስትወለውል ነበር። ሰላም ብላት አልመለሰችልኝም። አልፈርድባትም፤ በሷ እንጀራ ነው የተወራረድኩት።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜዬ ነው። ማይክሮፎን ስለሌለ ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። «ድንቢጥ ትክክል ነበረች። ይቅርታ እንድትል ያደረግኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። አጨብጭቤም ነበር።» አንዱ «ቲቸርም ይቅርታ ትላለች እንዴ?» ብሎ አንሾካሾከ።

ወደ ዴስኳ ሄድኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። መዳፏ ወደ ፊት።

«አልፈልግም ቲቸር።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። «እሺ» አልኩና መለስኩት። ድንቢጥ መዳፏን ያወረደችው ጥቁር ሰሌዳው ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው።