ከመስኮቱ ግንቡ የሚታይበት ክፍል

ቁስቋም፣ ጎንደር
ኅዳር ፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለልዕልት፤ ያለሽበት አገር ብርዱ ይቅለልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ትናንት የቁስቋም ንግሥ ነበር። ጉልበቴ ቆሞ ማስቀደስ እንቢ ስላለኝ ከቅጽሩ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ያንቺንም የልጅሽን የአቢንም የባልሽንም ስም ጠራሁ። ቶማስ የሐዋርያ ስም ስለሆነ እሱን ስጠራ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

የምጽፍልሽ በስልክ አልሆን ስላለኝ ነው። አንቺ «እማዬ ደህና ነሽ?» ትያለሽ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ አቢ ስልኩን ይቀማሻል፣ ነገሩ ሳይነገር ያልቃል። የጎረቤታችን ልጅ ማስተዋል ለትምህርት ወደዚያው ልትመጣ ነው፤ በእሷ እጅ ይደርስሻል።

ለጥምቀት እንመጣለን ስትይኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ወዲያው ደግሞ «ሸጋ ሆቴል ፈልጊልን፤ ታሪክ ያለው፣ ትንሽ፣ ፀጥ ያለ» ስትይ እልልታውን ተውኩት። ልደብቅሽ አልችልም፣ ከፋኝ። እናት ቁስቋም ላይ ቤት እያላት ልጅ ሆቴል ታድራለች? ለአጎትሽ ለአያ ቢያዝን ብነግረው «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ። አጎትሽ እንዲህ ካለ ጎረቤት ምን እንደሚል አስቢው።

ምክንያትሽ ግን አይጠፋኝም። ያኔ ለአባትሽ ተዝካር ስትመጡ አልጋዬን ለቀቅሁላችሁና እኔ ማድቤት መሬት ላይ ተኛሁ። ጠዋት ውኃ ልትቀጂ ገብተሽ ስታዪኝ አለቀስሽ። ለአባትሽ ያለቀስሽ መስሎኝ አጽናናሁሽ፤ ለካ ለእኔ ኖሯል። ቶማስም ከዚያ ወዲያ አልጋው ላይ መተኛት አፍሮ ወንበር ላይ እንዳደረ አያ ቢያዝን ነው ኋላ የነገረኝ። እኔ ያከበርኳችሁ መስሎኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ይለቀቃል፣ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ብቻ ታዝዣለሁና አያ ቢያዝንን አስከትዬ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ፒያሳ ወዳለው፣ ጣሊያን ወደሠራው ገባን። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ደረጃው ለእኔ ጉልበት የታሰበ አይደለም። በነርስነት ያረጀሁ ሰው ነኝና አልጋ ሳይ እጄ አያርፍም፤ አንሶላውን ገልጬ ፍራሹን ዳሰስኩት። አስተናጋጇ ስትደነግጥ አያ ቢያዝን «ተያት ልጄ፣ ትኩሳቱን ልትለካው ነው» አላት። አንሶላው ንጹሕ ነው። ሙቅ ውኃ አለ ወይ ብላት «መብራት ካለ አለ» አለችኝ። ይህማ እኔ ቤትም አለ።

ቀጥለን ከአንድ ባላባት የድንጋይ ቤት የታደሰ አየን። ቡቲክ ሆቴል ይሉታል። ቡቲክ ሲሉኝ ቀሚስ የሚሸጥበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ክፍሉ ጥቂት፣ ጌጡ ብዙ ማለት ነው። ባለቤቱ ህሩይ የሚባል ሸጋ ልጅ ነው። ሞፈር ከነቀንበሩ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። አያ ቢያዝን ሽቅብ እያየ «ይህ ልጅ ጣራውን ሊያርስ ነው?» አለ። ግን አልዋሽም፣ ያምራል። ሁሉም ክፍል ባዶ ነው። «መንገዱ እያስፈራ ማን ይመጣል እማማ» አለኝ። አዝኜለት ክፍል ልይዝ ወደ ቦርሳዬ እጄን ስሰድ አያ ቢያዝን ክንዴን ያዘና «የስማቸውን ሳታዪ?» አለኝ።

አባትሽ ስማቸው ዕድሜውን ሙሉ ያስተናገደበትን ሆቴል ማለቱ ነው። በበሩ እያለፍኩ ሆስፒታል ስመላለስ ኖሬ አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። በእኛ ጊዜ ሆቴል የምትገባ ሴት ስሟ በክፉ ይነሣ ነበር። አባትሽ ግን ማታ ማታ እግሩን ስናጥበው ስለዚያ ቤት አውርቶ አይጠግብም። ፎቅ ላይ መጨረሻው ክፍል። «የትዬ፣ መስኮቱን ስትከፍቺ የፋሲል ግንብ ፊትሽ ነው። ጠዋት ፀሐይ አናቱን ነክታ ቀስ እያለች ትወርዳለች። አንድ ቀን እዚያ አስተኝቼሽ ቁርስሽን እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ» ይለኛል። እኔ ደግሞ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ቤት ያላት ሴት ሆቴል ምን ትሠራለች» እለዋለሁ።

ይህን የሚቀጥለውን አልነገርንሽም፤ አንቺ ውጭ ነበርሽ። ጡረታ ሲወጣ ሆቴሉ ስጦታ ሰጠው። ከሚስቱ ጋር አንድ ሌሊት፣ በዚያው ክፍል። ክራባት ገዛ። ክራባት ሲያስር አይቼው አላውቅም ነበር፤ መስታወቱ ፊት ስንት ጊዜ አስሮ ስንት ጊዜ እንደፈታው። እኔም ጥበብ ቀሚሴን ለበስኩ። ሆቴሉ በር ጋ ስንደርስ የማኅበሬ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሰብለ ወንጌል «ወዴት ነው እንዲህ አምሮ?» አለችኝ። «ወደ ቤት» አልኳት። ካልኩ በኋላ ምን ላድርግ፣ ወደ ቤት መንገድ ጀመርኩ። አባትሽ በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ተከተለኝ። ቤት ገብቶ ክራባቱን እየፈታ «ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ክፍሉ አውርቶልኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበርነው።

ባለፈው ማክሰኞ ገባሁ ልጄ። አሁን በር ላይ «ታሪካዊ ሆቴል» ብለው ጽፈዋል። ዓይናዲስ የምትባል ልጅ እየደገፈችኝ ፎቅ ወደ መጨረሻው ክፍል ወጣን፣ መስኮቱን ከፈተችልኝ። ግንቡ ከታደሰ ወዲህ ቀለሙ ለዓይኔ አዲስ ሆኗል፣ ግን ልክ እንዳለው ፊት ለፊት ነው። አልጋው ገና አልተነጠፈም ነበርና እጄ ወደ አንሶላው ሄደ። ልጅቱ «ይተውት እማማ፣ የእኔ ሥራ ነው። እርስዎ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ስንቱን በሽተኛ አንጥፌ አስተኝቻለሁ፤ ለእኔ ሰው ሲያነጥፍልኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። አባትሽ ሊሰጠኝ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ምን ይጎዳኝ ነበር? ማገልገል እንጂ መገልገል አልተማርኩም። እሱንም ከለከልኩት፣ አንቺንም አስጨነቅኩሽ። አለቀስኩ፣ ልጅቱም ምን እንደነካኝ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

ሁለት ክፍል ይዣለሁ። ግንቡ የሚታይበትን ግን ለእናንተ አልያዝኩትም፣ ይቅር በይኝ። የእናንተ ቀጥሎ ያለው ነው። አልጋው ረጅም ስለሆነ የቶማስ እግር አይተርፍም። መጨረሻው የእኔ ነው። መዝጋቢዋ መታወቂያዬን አይታ «እማማ፣ ቁስቋም እኮ እዚሁ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ትናንት ንግሡ ላይ ሰብለ ወንጌል አጠገቤ ተቀምጣ «ልጅሽ ለጥምቀት የት ልታርፍ ነው?» ስትለኝ «ሆቴል። እኔም አብሬ» አልኳት። «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ያኔም ብነግራት ኖሮ ይህንኑ ትለኝ ነበር ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

ከአዲስ አበባ በመኪና እንዳትሞክሩት፤ በአውሮፕላን አዘዞ ውረዱ፣ አያ ቢያዝን ይቀበላችኋል። አቢ ካልፈራኝ እኔ ጋ ይተኛ። ጠዋት ቁርስ ይዘው ሲያንኳኩ ተነሥቼ ልቀበላቸው እል ይሆናል፣ ልማድ ነው። እጄን ያዢና አስቀምጪኝ።

ቶማስን አንድ ነገር ለምኚልኝ። የአባትሽን ክራባት ከቁም ሳጥን አውጥቼ ተኩሼዋለሁ። የታሰረው አንድ ቀን ነው፣ ያውም እስከ በሩ ድረስ። እሱ አስሮት ከእኔ ጋር ይግባ።

ቁስቋም ማርያም መንገዳችሁን ትጥረግላችሁ፤ ወጥታችሁ ከመቅረት፣ ደርሳችሁ ከማጣት ትሰውራችሁ።

እናትሽ
የትነበርሽ