የደጃፉ ባልዲ

ውድ ወንድሜ ካስያን፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ የት እንደሰነበትክ መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ተውኩት። እኛ ደህና ነን። ባልዲውም ደህና ነው።

ያን ጠዋት በአባታችንና በአያታችን ወግ፣ ደጃፍ ያደረውን ባልዲ በቡጢ መታኸው። ውሃው በውርጭ ድንጋይ ሆኖ ነበር። «ባልዲው ከረጋ ተራራውም ረግቷል» የሚለው ቃል በቤታችን ከአሥርቱ ትእዛዛት ይበልጣል። ሬዲዮው ግን ብርዱ ሸለቆው ውስጥ ብቻ እንደተኛ፣ የተራራው ላይኛው ክፍል በሞቃት ነፋስ ስላደረ በረዶው ፀሐይ ሲነካው እንደሚናድ ተናግሮ ነበር። ይህንኑ ነገርኩህ።

«እህት ዓለም፣ ሬዲዮው እዚህ ቤት አድሮ ያውቃል?»

«ባልዲውስ ተራራ ላይ አድሮ ያውቃል?»

ሳቅክ። ናዳ የዋጠው ሰው ያለበትን የምትጠቁመውን መሣሪያ ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለች ትተህ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪህን ተሸክመህ ወጣህ። ከምሳ በፊት ተራራው አንዴ አጉረመረመ።

ከዚያ ወዲህ በመላው አገራችን ቲሮል የናዳ ሊቅ ያልሆነ ሰው የለም። የከብት ሐኪሙ እንኳ መጠጥ ቤት ተቀምጦ በቢራ አረፋ የበረዶ ድርብርብ እየሠራ ያስተምራል። ጎረቤት መቁጠሪያውን ይዞ ሊጸልይልህ ሲመጣ፣ በፊቱ የምናጋድመው አስከሬን ስላጣን የእሑድ ባርኔጣህን ላባዋን አበጥረን ጠረጴዛ ላይ አኖርናት። ካንተ ትሻላለች፤ በጸሎት መካከል አታንኮራፋም።

ትናንት እናታችን የፍለጋውን አለቃ ኪሪንን ቤቱ ድረስ ሄዳ ቆፍሮ እንዲያወጣህ ለመነችው። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ገና ያልወረደ በረዶ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ አንድ ለማውጣት ስምንት አልቀብርም» አላት ኮፍያውን አውልቆ። «የቀረው በራሱ ሲወርድ እናመጣዋለን።»

«እስከዚያ እኔ እቆያለሁ?»

ስለዚህ እናት በልጇ ላይ ሁለተኛ ናዳ እንዲወርድ ሻማ ታበራለች። ቄሱ ለእንዲህ ያለ ስለት የሚሆን ቅዱስ ፈልገው አጡ።

አባታችን ደግሞ ባልዲውን ማታ መሙላት፣ ጠዋት መምታት አልተወም። «ረግቷል እኮ» ይለኛል፣ የካድኩት ይመስል። «አዎ አባዬ፣ ረግቷል» እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

ዛሬ ግን ቡጢው ውሃው ውስጥ ሰጠመ። እጅጌው እየተንጠባጠበ ወደኔ ዞረ።

«አልረጋም» አለኝ። «ለካስያን ንገሪው፤ ዛሬ እንዳይወጣ።»

ይኸው ነገርኩህ።

ባርኔጣህን የምትጠብቅ እህትህ፣
ኖትቡርጋ