ከዳር ያለው የወፍ ድርሻ ነው፦ ለዘር ጣቢያው ሙዲር

ለክቡር ዶክተር አብዱልናስር፣
የተሻሻለ ዘር ማባዣ ጣቢያ ሙዲርና የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ወደ እኔ የላኩት ዓይነት ዘበኛ ሳይሆን የሰማይ ዘበኛ ይጠብቅዎ። ራስዎን፣ ወገብዎን፣ መስኮቱ የረገፈውንም ቢሮዎን እንዴት አድርጎልዎታል? እኔ ጓንጉል ተድላ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የዚህን አገር ስስ እንጀራ፣ ኪስራውን፣ በሻይ እያራስሁ እውጣለሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ያቋረጥሁ ሰው ነኝና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። አባትዎ በገላባት ከተማ ሱቃቸው ውስጥ በአማርኛ ያስቁን የነበሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ተርጓሚ እንደማይቸግርዎ አውቃለሁ። አንዱን ወረቀት ለእርስዎ ልኬ ሌላውን ባሱንዳ ገበያ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ያስለጠፍሁት፣ ምናልባት ሥራ ቢበዛብዎ ሌላው ሰው እንዲያነብልዎ ብዬ ነው።

የጻፉልኝ ደርሶኛል። የቀዩን ማሽላ ዘር ለምርምር «በበጎ ፈቃድ» እንዳስረክብ ይላል። በጎ ፈቃድ የምትለዋ ላይ ስደርስ ድዴን በምላሴ ዳሰስሁ። መልሴ ከምስጋና ጋር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ። በዘጠና ሰባት ጥቅምት እርሻዬን ስለጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። ነጭ ጓንትዎን አጥልቀው ከማሳዬ ዳር ቆመው፣ ያን ነጭ፣ ድፍን፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን የደፋ የማሽላ ራስ አይተው «ይሄ ነው» አሉ። እኔም ጌታዬ፣ እሱ የወፍ ድርሻ ነው አልሁዎ። ባለቤቴ ሸጊቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከዳር ዳር ነጩን ለስላሳውን ትዘራ ነበር፤ ግሪሳ ሲወርድ እሱን በልቶ ይጠግባል፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዩን ሲቀምስ ይመረውና ትቶት ይሄዳል፤ የቀዩን ሥር አቀንጭራ የሚባለው መጣጭ አረምም አይደፍረውም፤ ሰው የሚኖረው በቀዩ ነው ብዬ አስረዳሁዎ። እርስዎ ግን ወደ ሹፌርዎ ዞረው «አየህ፣ ሽማግሌው ምርጡን ሊደብቀን ነው» ብለው ሳቁ፤ ነጩንም ቆርጠው ሄዱ።

ሁለተኛ። ጣቢያው ድረስ ጠርተው ጠርሙሱን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ከእሸቱ ፍሬ ውስጥ ነጥብ የምታህለዋን ጽንስ በመርፌ አውጥታችሁ፣ ያለ አፈር፣ ያለ ዝናብ፣ እንደ አጥሚት በረጋ ነገር ላይ አበቀላችኋት፤ ከአንዷም ሺህ አወጣችሁ። እውነቱን ልናገር፣ እጄን በአፌ ጫንሁ። ጥበብ ነው፤ አልክድም። ግን ሺሁም በአንድ ገመድ የተለኩ፣ የአንዱ መልክ በሌላው ላይ የተለጠፈ ነበሩ። የሸጊቱ ማሳ ገበያ ነበር፤ ረጅሙም፣ ድንኩም፣ ቀዩም፣ ቡናማውም፣ ቀድሞ የሚደርሰውም፣ የሚዘገየውም ይገኝበታል። ዘር ስትመርጥ ከአሥር መልከ መልካም ጋር ሁለት መልከ ጥፉ ትጨምር ነበር። ለምን ስላት፣ «ክፉ ዓመት መልክ አያይም» ትለኛለች። ይህ በጠርሙሱ ውስጥ አልገባም።

ሦስተኛ። ባለፈው ክረምት የባሱንዳ ሰው ሁሉ የእናንተን ነጭ ሲዘራ እኔ ቀዩን ዘራሁ። የቀዩ አበባ ዱቄት በነፋስ ሄዶ ንጹሑን ዘር ያቆሽሻል ብለው በመስከረም ትራክተርና ሁለት ዘበኛ ላኩልኝ። ለአንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሁለት መላክዎ ትልቅ አክብሮት ነው። ከጎማው ፊት ተኛሁ። አንዱ በሰደፍ አፌን መታኝ፤ ሦስት ጥርሴን ከአፈር ጋር ተፋሁ። እኔም በማጭዴ ጭኑን ቀደድሁለት፤ አጥንቱ ታየ፣ እንደ እርስዎ ዘር ድፍን ነጭ ነበር። ከዚያ ከግራር ግንድ ጋር በሽቦ ጠፍረው አሰሩኝ፤ ማሽላው በአበባው ሲገለበጥ አንድ ትልም ሳይቀርብኝ አየሁ። አህያዬ ብትጮህባቸው በጥይት ጣሏት። ጎተራዬን ዘርግፈው ነዳጅ አርከፍክፈው አነደዱት። ያ ዘር በሰባ ሰባቱ ራብ ከአርማጭሆ በሸጊቱ መቀነት ተቋጥሮ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው። ልጃችን መንገድ ላይ በራብ ስትሞት እንኳ ቋጠሮውን አልፈታችም፤ ሦስት ጭብጥ እህል ሞትን አይመልስም፣ ዘሩን የበላ ቤት ግን ሁለት ጊዜ ይሞታል ብላ። እናንተ ግን ለማጥፋት ግማሽ ቀን አልፈጀባችሁም። ቅልጥፍናችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

አራተኛ። በጥቅምት ግሪሳ መጣ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የወፍ ድርሻ ተዘርቶለት ጠበቀው። አራት ቀን በላ። ሴቱ ቆርቆሮ ደበደበ፣ ወንዱ ወንጭፍ ወነጨፈ፤ በአምስተኛው ቀን የቀረው አገዳ ብቻ ነበር። በዕድሜዬ ለወፍ እንዲህ ያለ ድግስ የደገሰ ጌታ አላየሁም፤ ወፎቹ ጽሑፍ ስለማይችሉ ምስጋናቸውን እኔ አድርሻለሁ።

አምስተኛው ስለ ጎረቤቴ ስለ አየነው ነው፤ ለዚህ ምስጋና አላገኘሁለትም። አየነው ነጩን የተቀበለው በእልልታ ነው። ማሳው ባዶ ሲቀር ከሰዉ ጋር ሊጠይቅዎ ጣቢያው ሄደ። ድንጋይ ተወረወረ፣ መስኮትና ጠርሙስ ረገፈ፣ ዘበኛዎም ሆዱ ላይ ተኮሰበት። በአልጋ ተሸክመን ስንመለስ ውኃ አለን፤ ብንሰጠው በቁስሉ ወጣ። «ጓንጉል፣ አንተ እኮ ነግረኸኝ ነበር» ብሎኝ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሞተ። በር ላይ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ የተሰበሩት ጠርሙሶች አንድ ሳይቀር ተዘርዝረዋል። አየነው ጠርሙስ ስላልሆነ ሳይጠቀስ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ቀዩ ውስጥ ወፍን የሚመልስ ባሕርይ እንዳለ፣ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ መዝራትም አደጋ እንደሆነ ምርምራችሁ ደረሰበት ብለው ጽፈውልኛል። እንኳን ደስ አለዎ፤ ሸጊቱ በሰማችና በሳቀች። ዘሩ ተርፎ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ተርፏል። ዘበኞችዎ ቤቴን ሲበረብሩ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለ፣ ጥላሸት የለበሰ የማሽላ ራስ እስር አይተው፣ ቆሻሻ ነው ብለው በአፈሙዝ ገፋ አድርገውት አለፉ። ሸጊቱ የዘር ራሶቿን ጭስ የምታጠጣው ነቀዝ እንዳይገባባቸው ነበር፤ ከዘበኛም እንደሚያድን አልነገረችኝም። ያ እስር ዛሬ እኔ ዘንድ ብቻ አይደለም። ከአየነው ባለቤት ጀምሬ ለጎረቤት አድያለሁ፤ በሃያ ሁለት ቤት ምድጃ ላይ እየጨሰ ነው። የቤቶቹን ስም ዘርዝሬ ልልክልዎ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ፊደሌ አነሰኝ።

በጤና ያቆይዎ፤ ዕድሜዎም አየነው ካገኘው ይርዘም።

ሦስት የፊት ጥርሱን ለምርምር በበጎ ፈቃድ ያበረከተ፣ የማይታዘዝዎ አክባሪዎ፣
ጓንጉል ተድላ
ባሱንዳ፣ ግንቦት 2000 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በመጪው ሐምሌ እንደ ሸጊቱ ሥርዓት ከውስጥ ቀዩን፣ ከዳር ደግሞ የእናንተን የጠርሙስ ነጭ እዘራለሁ፤ ለዚያ ሥራ ከእሱ የሚሻል የለም። ከሰዎችዎ ጋር ብቅ ካሉ ከዳር ያለው የእናንተም ድርሻ ነው፤ ወፍን ያልከለከልሁትን እናንተን አልከለክልም፣ እስክትጠግቡ ቁረጡ። ከዳሩ አልፎ ለሚገባ ግን ማጭዴን ስያለሁ። ስለ ስለቱ ያን የሚያነክሰውን ዘበኛዎን ይጠይቁልኝ።