የአማትህ በር ማስደገፊያ

ውድ ወንድም ጋሼ፣ የረቂቅ ተሕዋስያን ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የበረኪናም የልብ ወዳጅ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ እንዲህ ያለ ክቡር ሰው ሲለምን ተቀምጦ መስማት ነውር መሰለኝ። «እህትዓለም፣ የኔ ጠርሙሶች ዝም አሉ። ከእናት ፈሳሹ፣ ከእርሾው ጥቂት ላኪልኝ፤ ገዢዎቹ ሊመጡ ነው» ትላለህ። ዝም አሉ! አንተ መርዶ ነጋሪ ብትሆን ኖሮ በየለቅሶው የሚያነባ ሰው አይገኝም ነበር።

ደግነቱ ሚስትህ ደውላ ሳትቀባባ ነግራኛለች። ቀደም ሲል ከኔ በርሜል የወሰድከውን ፈሳሽ በሚያማምሩ ጠርሙሶች ሞላህ። «ሕያው ወዳጆች፦ ለሰው፣ ለእንስሳ፣ ለአካባቢ» የሚል ወረቀት ለጠፍክባቸው። ከዚያ ደንበኛን ጀርም እንዳይዘው ብለህ ከነጠርሙሳቸው እንደ እንቁላል ቀቀልካቸው። እሷ «ኧረ ይሞታሉ!» ብትልህ፣ «የሚሞቱት መጥፎዎቹ ናቸው፤ ጥሩዎቹ ይችሉታል» አልክ አሉ። ወንድም ጋሼ፣ የፈላ ውሃ ጠባይ እየመረመረ ይገድላል ያለህ ማን ነው?

ሐቁን አልክድም። ያን ፈሳሽ ወደ አባባ ዶሮ ቤት ያመጣኸው አንተ ነህ። አባባ ከሞተ በኋላ ዶሮ ቤቱ ሸትቶ፣ ከአጥራችን ማዶ ያለው መዋዕለ ሕፃናት መስኮቱን መክፈት እንደተሳነው ታስታውሳለህ። አንተ አንድ ጀሪካን ይዘህ ከተፍ አልክ። «ጥሩዎቹን ተሕዋስያን ካበዛናቸው መጥፎዎቹ ቦታ ያጣሉ» አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ። የስኳር አተላ በሆነው በሞላሰስና በለብታ ውሃ መገብናቸው። በርሜሉ አረፋ ሲይዝ ጉዝጓዙ ላይ ረጨን፣ ለዶሮዎቹ መጠጥ ጠብ አደረግን፣ የቀረውን ቦዩ ውስጥ ደፋን። ዶሮዎቹን ያስቀምጣቸው የነበረው ተቅማጥ ቆመ፤ ቦዩ ጠራ፤ ልጆቹ መስኮት ከፍተው መዘመር ጀመሩ። ያኔ በአንተ እንዴት እንደኮራሁ ነግሬህ አላውቅም። አሁንም አልነገርኩህም ብለህ ቁጠረው።

ከዚያ ወዲያ አፍህ ሥራ አገኘ። በየአዳራሹ ስለ ሕያው ወዳጆችህ ተናገርክ፤ እንደ ጡብ የሚከብድ የመስታወት ዋንጫም ተሸለምክ። አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም፤ አሁንም ሰው በጨበጥክ ቁጥር ከኪስህ አልኮል እያወጣህ እጅህን ትጠርጋለህ። በሰው እጅ ላይ ካሉት ጋር ግን እስካሁን አልተዋወቃችሁም መሰለኝ።

እንግዶችህን ልታስጎበኝ የመጣህበትን ቀንስ? ጓንት አጥልቀህ ቀድመሃቸው ደረስክ። በርሜሉን አየህና ፊትህ ተኮማተረ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው አረፋ የደፈቀው?»

«እየሠራ ነዋ።»

«በእንግዳ ፊት?»

ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ። መኖ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በርሜሎቹ እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራሉ፤ ግቢው በረኪና በረኪና ይላል። ያ ሁሉ ወዳጅህ በቦይ ሄዷል። እንግዶቹ ንጹሕ ውሃ ከበው ሲያጨበጭቡ አንተ «እነሆ ሕይወት!» ትላለህ። ዶሮዎቹ እንኳ በሃፍረት ዞር ብለው ነበር።

እንግዶችህ ሄዱ፤ ሽታው መጣ። ዶሮዎቹ እንደገና ያስቀምጣቸው ጀመር፤ በየጠዋቱ የሞተች እያነሳሁ መቅበር ያዝኩ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ መጣች። «እህቴ፣ ልጆቹ ምሳቸውን እያስመለሱ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ማመልከቻ አስገብቼ አዘጋሻለሁ፤ በኋላ እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። ምን ልቀየማት? እኔም እኮ አፍንጫ አለኝ። የአባባ ዶሮ ቤት በኔ እጅ ሊዘጋ ነው።

ደወልኩልህ። «ተፈጥሮ ጊዜ ትፈልጋለች» ብለህ ስብሰባ ገባህ። ፈሳሹን መጀመሪያ ያመጣህበት ድርጅት ጋ ሄድኩ፤ ቤቱ የጫማ መደብር ሆኗል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሉ የለ? እኔን ደግሞ በንግግር።

አሁን ወደ አማትህ እንምጣ። ፊቷ ላይ «እማዬ»፣ ከኋላዋ «ፊሽካ» የምትላት፣ ጡረታ የወጣች የትራፊክ ፖሊስ። ሽማግሌ ፊት እጇን ብትዘረጋልህ ጨብጠህ፣ እዚያው ፊቷ አልኮልህን አውጥተህ እጅህን ጠረግክ። ልትክሳት ደግሞ ምን ወሰድክላት? በርሜሎቼን ከማጠብህ በፊት ከነሱ የቀዳኸው፣ ሪባን የታሰረበት አንድ ጀሪካን ፈሳሽ። «ለሽንት ቤትዎ ነው» ብለህ በሁለት እጅህ አቀረብክ።

«ሽንት ቤቴ ሸተተህ?» አለችህ።

ያንን ጀሪካን አልከፈተችውም። ማገዶ ቤቷ በሩ በንፋስ እየተጋጨ ያስቸግራት ስለነበር፣ ሪባኑን ቆርጣ ጥላ ጀሪካኑን በር ማስደገፊያ አደረገችው። ባለፈች ባገደመች ቁጥር በእግሯ ትገፋዋለች። «የአማቼ ስጦታ ይኸውላችሁ» እያለችም ለጎረቤት ታሳያለች።

ማመልከቻው ሊገባ ሲቃረብ ስልኬ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ወንድምሽ ያመጣልኝ ጀሪካን አብጧል። ፈንጂ ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ እንዳይጥሉት! በእግዜር፣ እንዳይነኩት!»

«ልነካው? አልኮል ከየት አምጥቼ እጄን ልጠርግ?»

ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር በረርኩ። ጀሪካኑ እንደ እርጉዝ ሆድ ተወጥሮ ማገዶው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ክዳኑን ላላ ሳደርገው «ፍስስስ» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ያ የምናውቀው ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ወጣ። እዚያው ተንበርክኬ ጀሪካኑን ሳምኩት።

«ከወንድሟ የባሰች!» አለች አማትህ፣ ወገቧን ይዛ።

ነገሩን ስነግራት ግን ያ መኪና የሚያስቆም ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ከዚያ ሳቋ አልቆም አለ። ወንድም ጋሼ፣ ይህን ደህና አድርገህ ስማ፤ አንተ ያከበርከው ሁሉ ሞተ፣ እሷ የናቀችው ዳነ። ምንም ስለማታውቅ አልቀቀለችውም፤ ስለጠላችህም አላጠበችውም።

ግማሹን ሰጠችኝ። በርሜሎቹን የበረኪናው ሽታ እስኪለቅ ደጋግሜ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁ፤ ሞላሰስ አበላሁ፤ አረፋው ተመለሰ። ረጨሁ፣ አጠጣሁ፣ ቦዩ ውስጥ ደፋሁ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተሯ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጥላ መጣች። ቆማ አሸተተች።

«ዶሮዎቹን ሸጥሻቸው እንዴ?»

«ኧረ እዚሁ ናቸው።»

አጥሩን ዞራ በቀዳዳ አየች፤ አንዷ ዶሮ ደግሞ መልሳ አየቻት። ማመልከቻው አልገባም።

እንግዲህ ወደ ልመናህ። ከኔ በርሜል ጠብታ አትወስድም። አዳራሽ ውስጥ አውርተህበት ወደ ድስት የምትልከው ከሆነ ለቦዩ ባጠጣው ይሻለኛል፤ ቦዩ ቢያንስ ዋንጫ አይፈልግም። የጀሪካኑ ግማሽ ግን አማትህ ዘንድ ነው፤ ተመልሶ በሩን ይዟል። ስለ አንተ ለመንኳት። አትገረም፤ አንድ ማሕፀን ያፈራን ነን፣ ምን ላድርግ?

«ይምጣና ይውሰድ» ብላለች። ከማገዶው መሀል ወጥታ፣ አቧራና ፍልጥ የያዘ እጇን ትዘረጋልሃለች። ጨብጣት፤ ጥሩ አድርገህ ጨብጣት። ኪስህን የነካህ እንደሆን ፊሽካዋ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

ደግሞ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። «በሬ ያለ ማስደገፊያ አያድርም፤ ምትኩን ይዞ ይምጣ፤ ከባድ ነገር ይሁን፣ ለሌላ ሥራም የማይጠቅም» ብላለች። እኔም ብዙ አላሰብኩም። የመስታወት ዋንጫህን ክብደት ነገርኳት፤ «ይበቃል» አለች።

እህትህ፣ ከነዶሮዎቿ