የወጌሻው ፈተና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ቆቦ

የለም ወንድም ጋሼ፣ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ስለተፈተነ እኩል ነው አይባልም! ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ለዚሁ ነው፤ አሁን ደብተሬ ላይ እሟገትሃለሁ። አጎታችን አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ ነው። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አይጽፉም። እናንተ የጤና ቢሮዎቹ ለወጌሻ ፈቃድ በጽሑፍ ፈትናችሁ ጣላችኋቸው። አጥንት በእስክሪብቶ ይታሻል እንዴ?

«ለታማሚው ሆስፒታል ሂድ ማለት ካቃታቸውስ?» ያልከው ግን ሲያብሰለስለኝ ዋለ። እውነትህን ነው፣ እሱ ሰው ይገድላል።

ዛሬ አንዲት እናት ክንዱ የተሰበረ ልጇን ከሮቢት ይዛ መጣች። አጎታችን ማሻ ቅቤውንም መጠገኛ ሸምበቆውንም ሳይነኩ፣ «ከልክለውኛል ልጄ፣ ሆስፒታል ውሰጂው» አሏት። በአማርኛ። ገብቷት ሄደች።

ታዲያ ይቺኑ በቃል ብትጠይቋቸው ምን ነበረበት? ፈቃድ የላቸውም ብላችሁ ነገ በራቸውን ልታሽጉ ነው። ይህን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ደውልልኝ!